በባዶ ሆድ የሚሰጥ ደም

አስካለ የልጇን አንገት ስትፈትግ የሳፋው ውሃ ተደፍቶ እንደገና ተሞልቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጓሮ፣ ከፓፓያው ጥላ ሥር፣ ሩት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከፀጉሯ መነሻ እስከ ትከሻዋ ድረስ አንገቷን የከበበው ጥቁረት በሳሙናም፣ በሎሚም፣ ተረከዝ በሚፈተግበት ድንጋይም አልለቅ ብሏል። ከሩቅ ሲያዩት ጥላሸት ይመስላል። ቀርበው በጣት ሲዳብሱት ግን እንደ ከፋይ ወፈር፣ ለስለስ ይላል።

«እማ፣ በቃሽ! ቆዳዬ እኮ ነው!»

«ቆዳሽማ እንዲህ አልነበረም። አንገትሽን ደፋ አድርጊ።»

«እየላጥሽኝ ነው!»

«ሰውስ ምን ይላል? አብልታ አብልታ ማጠብ አቃታት ነው የሚለኝ።»

ሩት አንገቷን ደፋች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል። ከኋላ ላያት ግን ወልዳ የከበደች ሴት ትመስላለች። የክፍሏ ወንዶች «ሲኖትራክ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ በሩ ላይ ስትደርስ እንደ ከባድ መኪና እያጓሩ መንገድ ይለቁላታል። ሰሞኑን ስለ አንገቷም የሚሉት ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ለእናቷ ነግራት አታውቅም።

አስካለ ድንጋዩን ያስቀመጠችው ውሃው ሲቀላ ነው።

ቁስሉ አመረቀዘ። በሳምንቱ አጋማሽ ሩትን ትኩሳት ያዛት፤ እናቷም ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ በሆዷ እየደረደረች ጤና ጣቢያ ወደ ነርስ ኤልሳቤጥ ይዛት ሄደች። ቴታነስ ይሆናል። ደሟ ተመርዞ ይሆናል። አስካለ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማረች ሴት ናት። ባዮሎጂ ትወድ ነበር። ከዚያ ሁሉ ትምህርት የተረፋትም ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ አንድ የሞት መንገድ ማወቅ ነው።

ኤልሳቤጥ ቁስሉን አጥባ ሸፈነች። ከዚያ ጥቁረቱን ደጋግማ አየችው፤ የሩትን ብብትም ገልጣ አየች።

«ይሄ እድፍ አይደለም፣ እትዬ አስካለ። በሳሙና የሚለቅ ነገር አይደለም። ከውስጥ የመጣ ነው።»

አስካለ ግድግዳውን ተደገፈች። «ምኗ ነው? ጉበቷ ነው?»

«ኧረ ቆይ፣ ልጨርስ። ሰውነት በጣም ሲከብድ ስኳርን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ኢንሱሊን ሥራ ይበዛበታል። አንዳንድ ልጅ ላይ አንገት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ያወጣል። ወልዲያ ዶክተር ዒምራን የሚባል የሕፃናት ሐኪም አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒኩ ይገኛል። ወገቧን ይለካል፣ ግፊቷን ያያል፣ ደሟን ይመረምራል። ግን አደራ፣ ከዓርብ ራት በኋላ ምንም እንዳትቀምስ። ውሃ ብቻ። ደሙ በባዶ ሆድ ካልተወሰደ የሐሰት ውጤት ነው የሚሰጠው።»

«ጠዋትም አትቀምስ?»

«ደሟን እስክትሰጥ ጠዋትም አትቀምስ። ትልቅ ልጅ ናት እኮ፤ ምንም አትሆንም።»

ምንም አትሆንም። አስካለ ይህን ቃል ከሰማችው ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ከጆሮዋ ግን ወጥቶ አያውቅም።

በ77 ድርቅ እሷ የሩትን ዕድሜ አልደረሰችም ነበር። ማሽላው በቁሙ ሲደርቅ እናቷ አስካለን በእጇ ይዛ፣ ታናሽ እህቷን ቆንጅትን አዝላ ከተራራው ሥር ካለችው መንደራቸው ወደ መጠለያው ወረደች። ቆንጅት አራት ዓመቷ ነበር። በመጠለያው በር ላይ ሕፃናት ይሰለፋሉ። አንድ ሰውዬ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ ጥብጣብ ክንዳቸው ላይ ይጠመጥማል። ቀዩ ላይ ያረፈ ይገባል፤ ወተትና ገንፎ ያገኛል። አረንጓዴው ላይ ያረፈ ይመለሳል። ያን ቀን የሰዉ ብዛት ለዐይን የሚከብድ ነበር፤ ለኪው ሰውዬም ደክሞት ዐይኑ ይጨፈናል። የቆንጅት ክንድ ሞላ ያለ ነው። ጉንጯም ሞላ ያለ ነው። እግሯም። ጥብጣቡ አረንጓዴው ላይ ቆመ።

«ይቺማ ወፍራም ናት። ምንም አትሆንም» አለና ሰውየው ወደሚቀጥለው ልጅ ዞረ።

ውፍረት እንዳልነበረ አስካለ ያወቀችው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ረሃብ ልጅን አክስቶ ብቻ አይገድልም፤ አሳብጦም ይገድላል። ለመለየት ቅልጥሙን በአውራ ጣት መጫን ነው። ጣቱ ሲነሣ የጎደጎደው ቦታ ካልሞላ ልጁ አልወፈረም፤ ውሃ ነው የቋጠረው። ይህን የሚያውቅ ያን ቀን ከመካከላቸው አልነበረም፤ የሚያውቅም ከነበረ ጊዜ አልነበረውም። ቆንጅት ከመጠለያው ውጭ፣ ከግራር ሥር፣ ጉንጯ እንደሞላ ሞተች።

ሞተች እንጂ አልሄደችም። አስካለ አግብታ ቆቦ ከተማ ቤት ስትይዝ ተከትላት መጣች። ገበታ ሲቀርብ ደፉ ላይ ትቀመጣለች። ምግብ አትጠይቅም፣ አትናገርም። የሩትን ክንድ ብቻ ታያለች። የሩት ሳህን ባዶ ሲሆን ቀና ትላለች፤ ሲሞላ ወደ ጥላው ትመለሳለች። ስለዚህ የሩት ሳህን ሞልቶ ይውላል። ጠዋት ቅቤ የጠገበ ገንፎ፣ ረፋዱ ላይ ለስላሳ በጠርሙስ፣ ማታ ገበታው ሊነሣ ሲል ደግሞ፣ «ትንሽ ጨምሪ፣ በሞቴ።» ሩት ጋደም ስትል አስካለ ብርድ ልብስ የምታለብስ መስላ አውራ ጣቷን ቅልጥሟ ላይ ትጫናለች። ቆዳው ወዲያው ይመለሳል። ያኔ ትተነፍሳለች።

ሰው ሲያመሰግናትም ትፈራለች። «ልጅሽ እንዴት አምሮባታል!» ባሏት ቁጥር የምትሰማው ያን የጥብጣቡን ሰውዬ ነው።

ዓርብ ራት በጊዜ ተበላ። ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ እናትና ልጅ መናኸሪያ ደረሱ። አስካለ ቦርሳዋ ውስጥ ማር የተቀባ ዳቦ በፌስታል ይዛለች። ደሟን ሰጥታ ስትወጣ ወዲያው ትብላ ብላ ነው፤ ቢያንስ ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነው።

«ወልዲያ! ወልዲያ! የሞላ ነው፣ የሞላ!» የሚኒባሱ ረዳት ሩትን አየና ጥርሱን ገለጠ። «እቺን እህቴን መሐል አስቀምጧት። ዳር ከተቀመጠች መኪናው ይንጋደድብናል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሩትም አብራ ሳቀች፤ ከሰው ቀድሞ መሳቅ ለምዳለች።

«አንተ፣ ምላስህን ሰብስብ!» አለች አስካለ።

«ምነው እትዬ? ውበቷን እኮ ነው ያደነቅኩት።»

ሮቢትን እስኪያልፉ ሩት ደህና ነበረች። ከዚያ ግንባሯን ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ አሳረፈች። ውጭ የሽንኩርት መደቦች ውሃ ጠጥተው በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃሉ።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ትንሽ ራበኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም፣ እማ።»

አስካለ ወደ መኪናው በር ዞረች። ቆንጅት እዚያ ነበረች። ረዳቱ በቆመበት፣ ከእግሮቹ ሥር፣ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቤታቸው ደፍ ርቃ አታውቅም። የሩትን ክንድ ታያለች።

ጎብዬ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ቆመ። አስካለ ቦርሳዋን ከፈተች።

«እንቺ፣ ጉረሺ።»

«አትቅመስ ተብያለሁ እኮ።»

«ይቺ ምን አላት? ደም ውስጥ እስክትገባ ቀን ይፈጅባታል።» እንዲህ እንዳልሆነ ባዮሎጂ ትወድ የነበረችው ሴት በደንብ ታውቃለች።

«እማ...»

«ልትወድቂብኝ ነው! ብይ ብያለሁ!»

ሩት በላች። መጀመሪያ እየፈራች፣ ኋላ ሁሉንም። ማሩን ከጣቷ ላይ ላሰች። አስካለ ቀና ስትል ከረዳቱ እግር ሥር ማንም አልነበረም።

ዶክተር ዒምራን ገና ወጣት ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ሩትን መዘናት፣ ቁመቷን ወሰደ፤ ከዚያ ከመሳቢያው ነጭ ሜትር አወጣ።

«ሩትዬ፣ እጅሽን ከፈት አድርጊ። ወገብሽን ልለካ ነው። ሆድሽን አትሳቢ፣ እንደ ልብሽ ተንፍሺ።»

ሜትሩ ሲተረተር አስካለ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨበጠች። ሐኪሙ በሩት ወገብ ዙሪያ አዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ። «ምንም አትሆንም» እስኪል ጠበቀችው። አላለም። ጻፈና ዝም አለ። ዝምታው ደግሞ ከቃሉ የባሰ ሆነባት።

«ቅልጥሟን አይጫኑም?» አለች።

«ለምን?»

«ውሃ ቋጥራ እንደሆነ።»

ሐኪሙ ግር አለው፤ ግን ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ቆዳው ተመለሰ። «እብጠት የለባትም» አለና አንገቷን ማየት ጀመረ። ቁስሉ ላይ ሲደርስ ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄን ማን ነው የፈተገው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሩት።

አስካለ ጫማዋን ታይ ነበር። የሩት ግፊት ሲለካ ቀና አለች፤ ሐኪሙ ደግሞ ለካው፣ ለዕድሜዋ ከፍ ብሏል አለ።

«በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?»

«እናቴ። እግሯን ቆረጧት፤ ከዚያ ወዲያ አልቆየችም።»

«ሩት ከትናንት ራት ወዲህ ምንም አልቀመሰችም አይደል?»

«ውሃ ብቻ» አለች አስካለ።

ሩት ወደ መስኮቱ ዞረች።

ደሙ ተወሰደ፤ ከቀትር በፊት ውጤቱ መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ጫፍ እያሳየ ተናገረ። «ስኳሯ መቶ ሠላሳ አንድ ነው። በባዶ ሆድ ከመቶ በታች መሆን ነበረበት። መቶ ሃያ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር በሽታ ነው ብለን እንጠረጥራለን። የደም ቅባቷም በጣም ከፍ ብሏል። በአንድ ምርመራ አልፈርድም። የሚቀጥለው ቅዳሜ እንደዛሬው በባዶ ሆድ ትምጣ። ያው ከሆነ መድኃኒት እንጀምርላታለን።»

«ዕድሜዋን ሙሉ?»

«ረጅም ጊዜ ሊሆን ይችላል።»

«በልታለች» የሚለው ቃል አስካለ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። አላወጣችውም። ማፈሯ አንድ ነገር ነው፤ ከእፍረቱ የባሰው ግን ቁጥሩን ማመኗ ነው። ዳቦው ሰበብ ነው እንጂ በሽታው የነበረ ነው፤ እናቷን የወሰደው ልጇን ሊወስድ መጥቷል። የምትጠብቀው ክፉ ነገር ስሙንና ቁጥሩን ይዞ ሲመጣ ሐሰት ነው ብሎ መመለስ አቃታት።

ባሏ ታረቀኝ ከቆቦ መቀሌ ሽንኩርት የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። እሁድ ከመንገድ ሲገባ ሚስቱን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቁጭ ብላ አገኛት።

«ምነው አስኩ? ማን ሞተ?»

«ልጅህ ስኳር አለባት።»

«ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለው?»

«ለቅዳሜ ነው የቀጠረን።»

«እንግዲያው ነጠላሽን መልሺ። አንቺ እኮ ሰው ሲያስነጥስ ድንኳን ታስተክያለሽ።»

ሩት ፍርፍር ብላ ሳቀች። አስካለ አልሳቀችም። ሩት በምርኩዝ ስትሄድ ትታያታለች። አንድ እግሯ ጎድሎ፣ ሌላው እንደ ቆንጅት እግር ተነፍቶ ትታያታለች። በዚያ ሳምንት የልጇን ቅልጥም መጫን ተወች፤ ቢጎደጉድ የምትሆነውን አታውቅም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሩት በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጠች ድንገት ጠየቀቻት።

«እማ፣ ለምን አልነገርሽውም?»

«ምኑን?»

«ዳቦውን።»

«ዳቦ ስኳር በሽታ አያመጣም።»

«ማር ነበረበት። መድኃኒቱን ቢሰጡኝስ? ያኔ ትነግሪዋለሽ?»

አስካለ የሽንኩርቱን ልጣጭ ትሰበስብ ጀመር። ሩት ቢላዋውን አስቀመጠች፤ ዐይኗ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ እንባ አቅርሯል።

«ስበላ እኮ እኔን አታዪኝም። በሩን ነው የምታዪው። ከድሮም። ማን ነው በር ላይ ያለው?»

አስካለ ከልጇ ጎን ቁጭ አለች። ለባሏ እንኳ ነግራው የማታውቀውን ለልጇ ነገረቻት። ሰልፉን ነገረቻት፣ ጥብጣቡን፣ የሰውየውን ቃል፣ ግራሩን። ብዙ አልፈጀባትም፤ ለካስ አጭር ታሪክ ነው።

ሩት ወደ ደፉ ተመለከተች። «አሁን አለች?»

«አለች።»

«ምን ለብሳለች?»

«የተቀበረችበትን። የእናቴን የነጠላ ቁራጭ።»

«እኔ አትታየኝም።»

«እንዳታዪያት ነው የማበላሽ።»

ሩት እግሮቿን ሰብስባ ከደፉ ራቅ አለች። «እና እኔ ሲርበኝ ነው የምትመጣው?»

«አዎ።»

«ቅዳሜ አብራን ትሄዳለች ማለት ነው።»

«ትሄዳለች።»

«ትሂድ» አለች ሩት። «ዳቦ ግን እንዳትይዢ።»

ቅዳሜ አስካለ ባዶ ቦርሳ ይዛ ወጣች። ራሷም ምንም አልቀመሰችም። ሚኒባሱ ውስጥ ከሩት በዚያኛው ጎን አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል፤ ዓሊማ ይባላሉ፤ ከዋጃ መጥተው ወልዲያ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። ገና ከከተማው ሳይወጡ ይህን ሁሉ ለተሳፋሪው አዳርሰዋል። ሮቢት ላይ ከዘምቢላቸው ክዳን ያለው ዕቃ አወጡ። ሲከፈት የቅቤው ሽታ መኪናውን ሞላው። ጭኮ ነው፤ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ።

«በሉ ቢስሚላህ በሉ፣ እንቅመስ። ለአራሷ የያዝኩት ነው፤ ግን ከመንገደኛ ደብቄ አላደርስላትም።»

ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የደረሰው ሁሉ ቆንጠር እያደረገ መረቀ። ሩት ጋ ሲደርስ አንገቷን ነቀነቀች።

«አመሰግናለሁ እማማ፤ አልችልም።»

«ማሻአላህ፣ ይቺን የመሰለች ልጅ አልችልም ትላለች? ሥጋ የለበትም እኮ ልጄ፤ ገብስና ቅቤ ነው። ሰው የዘረጋልሽን እንዲህ ይገፉታል?»

«አይ፣ እንዲያው...»

«አፍራ ነው» አለ ከኋላ ሆዱ የገፋ አንድ ሰውዬ። «ስጧት፣ ስጧት። ይሄ ሰውነት በአየር አልመጣም።»

ዓሊማ አንድ ድቡልቡል ጭኮ የሩት መዳፍ ላይ አኖሩና ጣቶቿን በእጃቸው አጠፉላት። ሩት እናቷን አየቻት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ቆንጅት በሩ ላይ አልነበረችም። በሩትና በዓሊማ መካከል፣ ሰው ሊገባበት በማይችል ክፍተት ውስጥ፣ ጉንጯን የሩት ክንድ ላይ አስደግፋ ተቀምጣ ነበር።

የሩት እጅ ወደ አፏ ተነሣ። ዐይኗን ጨፍናለች።

አስካለ የልጇን የእጅ አንጓ ያዘች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ጭኮውን ወሰደች። ከራበው ልጅ እጅ ምግብ ወሰደች።

«ወይ ጉድ!» አለ ሆዱ የገፋው ሰውዬ። «ከልጅ አፍ መንጠቅ ተጀመረ?»

«እንጀራ እናቷ ትሆናለች» አለች አንዲት ሴት፣ እንዲሰማ አድርጋ።

ዓሊማ ቅር ብሏቸዋል። «ምን በደለች ልጄ? ከኔ እጅ ስለሆነ ነው?»

«ደም ልትሰጥ ነው፣ እማማ» አለች አስካለ። ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም። «በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው። ባለፈው አብልቻት አበላሸሁት። ዛሬም ካበላኋት የማይገባት መድኃኒት ይሰጡብኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጄን እንዳላጣት ነው።»

ሴትዮዋ ዕቃውን ከደኑት። «አላህ ያሽራት። እሷ እየራባት እኔም አልበላ። ይቆይ።»

«ኧረ እማማ፣ እኔ ደም አልሰጥም!» አለ ሰውየው። «እኔ ጋ ገና አልደረሰም!»

መኪናው በሳቅ ፈነዳ፤ ሩት እንኳ ዐይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። አስካለ ጭኮውን ጨብጣ ቀረች። ልትበላው አልቻለችም፤ ልትጥለውም አልቻለችም። ቅቤው በእጇ ሙቀት ቀልጦ እስከ ክርኗ ወረደ። ጎብዬን ሲያልፉ ለማየት ደፈረች። ቆንጅት የሩትን ክንድ ማየት ትታለች። ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው አስካለን ነበር፤ የተጨበጠውን እጇን።

ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም እንደገና ተለካ። ደሙ ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ዒምራን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አያቸው።

«ስኳሯ ዘጠና ስድስት ነው። ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ሩት አፏን ከፈተች፤ «እኔ...»

«እኔ ነኝ» አለች አስካለ። «ጎብዬ ላይ ማር የተቀባ ዳቦ አበላኋት። አንገቷንም የፈተግኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ እርሳሱን አስቀመጠ። አልጮኸባትም። «ሳያስፈልጋት መድኃኒት ልጀምርላት ነበር እኮ፣ እናት» አለ ብቻ። ፊቱ ግን ቀልቷል። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን ወደ ሩት አስጠጋ።

«ሩትዬ፣ ስኳር በሽታ የለብሽም። ግን ሁሉም ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም። ወገብሽ ለዕድሜሽ ከሚገባው በጣም ሰፍቷል። ግፊትሽ ከፍ ብሏል። ደምሽ ውስጥ መጥፎው ቅባት ዛሬም በዝቷል፣ ጥሩው አንሷል። አንገትሽም ይነግረናል። እነዚህ አንድ ላይ ሲገኙ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላሉ። በሽታው በር ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ገና አልገባም።»

አስካለ ሳታስበው ወደ በሩ ዞረች።

«ምን እናድርግ?» አለች ሩት።

«ለስላሳ መጠጥ ይቅር። ሻይሽ ላይ ስኳር ይቅር። ትምህርት ቤት በባጃጅ ከሆነ የምትሄጂው በእግርሽ ሂጂ። ምግብሽን ብይ፣ ግን አይጨመርልሽ። በቃኝ ስትዪ ይበቃሻል።» ይህን የመጨረሻውን ሲናገር የሚያየው አስካለን ነው። «በስድስት ወር ደግመን እንለካታለን።»

«ሲርባትስ?» አለች አስካለ።

«ትንሽ ቢርባት አትጎዳም።»

«ከስታ፣ ከስታ ብትቀርስ?»

«አትቀርም፣ እናት። እኔም እርስዎም እያየናት ነው።»

እሱ ሌላ የሚያይ እንዳለ አያውቅም።

ከክሊኒኩ ማዶ ካለው ምግብ ቤት ገቡ። ሽሮ አዘዙ። በአንድ ትሪ ቀረበላቸው። ሩት መጀመሪያ ላይ እየተጣደፈች በላች፤ ቀስ በቀስ እጇ ዘገየ። አስካለ እንደ ልማዷ የራሷን ድርሻ በጣቷ እየገፋች ወደ ልጇ በኩል ታስጠጋለች። ግማሹ ገና እንዳለ ሩት እጇን አነሣች።

«በቃኝ።»

የአስካለ እጅ ጉርሻ ጠቅልሎ መንገድ ላይ ነበር። አየር ላይ ቆመ። ከምግብ ቤቱ በር፣ ከሚገባውና ከሚወጣው ሰው እግር መሐል፣ ቆንጅት ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ስትመጣ አየቻት። ስትራመድ አይታት አታውቅም። ያበጠ እግር ያለው ልጅ እንደሚሄደው፣ ቀስ እያለች ነበር የምትመጣው።

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው። አስተናጋጁን ጠራች።

«አንሣው።»

«ገና ነው እኮ፣ እናቴ። ግማሹን አልበላችሁትም። አልጣማችሁም?»

«ጥሞናል። አንሣው።»

አስተናጋጁ ሩትን አየ፤ ትልቅ ሰውነቷን፣ ከዚያ የተረፈውን እንጀራ። «ልጅቷ ትብላው እንጂ...»

«አንሣው አልኩህ እኮ!»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩ። ትሪው ተነሣ። ከጠረጴዛው በታች የሩት እጅ የእናቷን ጉልበት ፈልጎ ያዘ። በሌላኛው ጎኗ አስካለ የትንሽ ልጅ ትንፋሽ ክንዷ ላይ ተሰማት፤ ቅርብ፣ ቀዝቃዛ። ዞር ብላ አላየችም። ሩትን ነበር የምታየው። ሩት ብርጭቆዋን አንሥታ ውሃዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች።